እናቴን የምጦረው እኔ፣ ውክልናው ወንድሜ እጅ

ታላቋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አልነበርኩም። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

እናቴ 79 ዓመቷ ነው። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነው። አራት ልጆች ነን። እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ጎፋ ባለው የወላጆቻችን ቤት ከእማዬ ጋር እኖራለሁ። ተከታዬ እዚሁ አዲስ አበባ ሱቅ አለው፣ ደኅና ይሠራል። ሦስተኛዋ አሜሪካ ናት። ትንሹ አዳማ መምህር ነው። እማዬ አምና ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ የምትነሳው በሰው ድጋፍ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ሥራዬን ትቼ ቤት ዋልኩ። መድኃኒቷን መስጠት፣ ማጠብ፣ ሌሊት ተነስቶ ማገላበጥ የእኔ ነው። ለእናቴ ነውና አላማርርም።

የማማርረው በሌላ ነው። አባባ ባረፈ በሦስተኛው ወር ወንድሜ እማዬን በመኪና ወስዶ ውክልና አሰጣት። «ጡረታዋን እየተሰለፈች ከምትደክም እኔ ላውጣላት» ብሎ ነው። ጡረታው የአባባ ነው፤ ለእሷ የሚከፈላት ግማሹ ነው። እሱንም አንዳንድ ወር ያመጣል፣ አንዳንድ ወር «ሱቅ ላይ ገባ፣ እተካዋለሁ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደላላ ይዞ መጥቶ ግቢውን አስለካ። ቤቱን ሸጠን ለእማዬ ምድር ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም እንገዛላታለን፣ የቀረውን እንካፈላለን አለ። እኔ የት እንደምገባ አልነገረኝም። ውክልናው እጁ ስላለ ብቻውን መሸጥ ይችላል ወይ?

ሌላው፣ ወንድሞቼና እህቴ ለእማዬ የዳይፐርና የመድኃኒት ወጪ እንዲያዋጡ ሕግ ያስገድዳል ወይስ በእነሱ በጎ ፈቃድ የሚቀር ነው?

በመጨረሻ፣ ትንሽ ነገር ብትመስልም አናድዳኛለች። ጀርባዋ መላጥ ሲጀምር በፓምፕ የሚነፋውን የአየር ፍራሽ 14 ሺህ ብር ገዛሁላት። በስድስተኛው ቀን ፓምፑ ቀጥ አለ። ሱቁ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ለጥፏል፤ እሱን በጣቱ እያሳየ መለሰኝ።

የዕድር ጸሐፊ

እህቴ አይዞሽ። የሠፈሬ ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፣ እንደዚህ ያለ ነገር ስንት ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁ። ክስ ከማሰብሽ በፊት ሽማግሌ ላኪ። ወንድምሽ የሚያፍራቸውን ሰዎች ምረጪ፤ የአባታችሁን ጓደኛ፣ የንስሐ አባቱን፣ የሚያከብረውን አጎት። እናትን ዳኛ ፊት ማቆም ከባድ ነው፣ የተሰበረው ልብ በፍርድ አይጠገንም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በሽምግልና የተባለ በቃል ብቻ ከሆነ ከአንድ ፋሲካ አያልፍም። ማን ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ሒሳብ ቁጥር እንደሚያስገባ ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርም፣ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ።

የልደታው ጠበቃ

ከቤቱ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቤቱ የማን ነው?» የሚለው ነው። ካርታው በአባትሽ ስም ይሁን በእናትሽ፣ በጋብቻቸው ጊዜ የተፈራ ከሆነ የጋራ ሀብት ነው። አባትሽ ሲያርፉ ግማሹ የእናትሽ ሆኖ ቀረ። ሌላው ግማሽ ውርስ ሆነ፤ ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ ለአራት ልጆች እኩል ይደርሳል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 842 ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሕግ ሚስት የባሏን ድርሻ በኑዛዜ ካልተሰጣት አትወርስም፣ ከጋራው ግማሹን ትወስዳለች እንጂ። ስለዚህ የወንድምሽ ውክልና ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን ሊነካ የሚችለው የእናትሽን ግማሽ ነው። ያንቺ፣ የአሜሪካዋና የአዳማው አንድ አንድ ስምንተኛ በእናታችሁ ፊርማ የሚሸጥ አይደለም። በጋራ የተያዘን ቤት ለመሸጥ የሁሉም ባለድርሻ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ውክልናው። ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን ነው (ቁጥር 2204)፤ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ የመሳሰለውን። ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ መክሰስና መከሰስ ልዩ ውክልና ይፈልጋል (ቁጥር 2205)። ችግሩ ግን ሰነዶች ማረጋገጫ በር ላይ ያሉ ጸሐፊዎች ለአንድ ጉዳይ የመጣ ሰው ላይ የሰማይና የምድሩን ሁሉ ይደረድሩበታል። ቅጂውን አግኝተሽ ቃል በቃል አንብቢው። «የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ» የሚል አለበት ወይ? መልስሽን ጻፊልኝ።

ታላቋ ልጅ

ጋሼ ጠበቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅጂው እማዬ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ አሁን አየሁት። እንዲህ ይላል፦ «በስሜ የሚገኘውን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ጡረታዬን እንዲቀበል፣ ከባንክ ሒሳቤ ገንዘብ እንዲያወጣ...» ይቀጥላል፣ ሙሉ ገጽ ነው። እማዬ ይህ ሁሉ እንደተጻፈ አታውቅም። «ለጡረታው ነው ብሎኝ ነው የፈረምኩት» ነው የምትለው።

የልደታው ጠበቃ

የፈራሁት ይሄንኑ ነው። «ይህ ሐረግ ይበቃል፣ አይበቃም» የሚለው ክርክር ገዢ ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ከሚነሳ ዛሬ በር ብንዘጋ ይሻላል።

ውክልና የእምነት ውል ነው፤ የሰጠው ሰው በፈለገው ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጥ ይሽረዋል። እናትሽ አእምሯቸው ደኅና ከሆነ የውክልና መሻሪያ ይፈርማሉ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል፣ አንድ ቅጂ ለወንድምሽ፣ አንድ ለባንኩ፣ አንድ ጡረታው ለሚከፈልበት ቦታ፣ አንድ ለክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ይገባል። ሽሮ ዝም ማለት በቂ አይደለም፤ መሻሩን ያላወቀ ሦስተኛ ወገን በቅን ልቦና ተዋዋልኩ ብሎ ይከራከራል። መነሳት ለማይችል ሰው ሠራተኞቹ ቤቱ ድረስ ሄደው የሚያስፈርሙበት አሠራር አለ፣ ማመልከቻ አስገቢ። ተወካይም ሒሳብ የማሳየት ግዴታ አለበት፤ «ሱቅ ላይ ገባ» ያለው ጡረታ ሁሉ የእናትሽ ገንዘብ ነው፣ ሊጠየቅበት ይችላል።

ሁለተኛ፣ ወራሽነታችሁን አረጋግጡ። አዲስ አበባ ውስጥ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጠው የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። አባትሽ ካረፉ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ነው ብለሻል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 መብቱን ያወቀና ሌላ ሰው ውርሱን መያዙን ያወቀ ወራሽ በ3 ዓመት ውስጥ እንዲጠይቅ ያዛል፤ በማናቸውም ሁኔታ ከ15 ዓመት አያልፍም። አንቺ እዚያው ቤት ስለምትኖሪ ይህ አይመለከተኝም ብለሽ ልትከራከሪ ትችያለሽ፤ የቀሩሽን አምስት ወራት ተጠቅመሽ ከክርክሩ መዳን ግን ይቀላል። አንድ ወራሽ ብቻውን አመልክቶም የራሱን ድርሻ ማረጋገጥ ይችላል፣ ወንድምሽ እንዲፈርም መጠበቅ የለብሽም።

ደላላው ገዢ ይዞ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን እግድ ጠይቂ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ለዚህ ነው የተጻፈው። የእግዱ ደብዳቤ መሬት ጽሕፈት ቤት ከገባ ስም አይዛወርም።

ነርሷ

የጠበቃው ምክር መልካም ነው፤ «አእምሯቸው ደኅና ከሆነ» ያሉት ግን እንዳያልፍሽ። ዳሌ ከተሰበረ በኋላ አልጋ ላይ የሚውል አረጋዊ አንዳንድ ቀን ይደናገረዋል። ኢንፌክሽን ሲይዘው፣ ውኃ ሲያንሰው ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፤ ሲታከም ይመለሳል። ፊርማውን ለብሩህ ቀናቸው አድርጊው፣ ጠዋት ላይ፣ በልተው ካረፉ በኋላ። ከተቻለ በዚያው ሳምንት ሐኪም አይቷቸው ጊዜን፣ ቦታንና ሰውን ለይተው እንደሚያውቁ በጽሑፍ ይስጥሽ። ነገ «አታውቅም ነበር፣ ልጅቷ ናት ያስፈረመቻት» ቢባል መልስ ይሆንሻል።

ፍራሹ እስኪስተካከል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫቸው፣ ተረከዛቸው ሥር ትራስ አድርጊ፣ የቀላውን ቦታ አታሺው። አንቺም ትንሽ ተኚ።

ጡረተኛዋ ሬጅስትራር

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ የቀለብ ፋይል ስንት እንደከፈትኩ አልቆጥረውም። ሰው ቀለብ ሲባል የልጅ ብቻ ይመስለዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከአንቀጽ 197 ጀምሮ ያለውን ብታነቢው ወላጅም ከልጁ ይጠይቃል። ወደላይና ወደታች የሚቆጠሩ ዘመዶች ሁሉ እርስ በርስ ቀለብ ይሰጣጣሉ። ቀለብ ማለትም እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምና በሕጉ ውስጥ ተጠቅሰዋል። የዳይፐሩም የፍራሹም ወጪ የሚገባው እዚያ ነው።

ልክ እንደ ልጅ ቀለብ ዳኛው ሁለት ነገር ይመዝናል፤ የጠያቂውን ችግርና የተጠያቂውን አቅም። ባለ ሱቁና መምህሩ እኩል አይከፍሉም። የጠያቂዋ ችግርም መታየት አለበት፤ «ቤት አላት፣ ጡረታ አላት» ብለው ይከራከራሉና የስድስት ወር ወጪ በደረሰኝ ያዢ። ከጡረታዋ ጋር ሲተያይ የሚጎድለው ይታያል። አቅሙ እያለ ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የከለከለ በወንጀልም ሊጠየቅ ይችላል፤ ያንን ግን ለወንድምሽ ማስፈራሪያ አታድርጊው።

ሁለት ነገር አስተውዪ። አንደኛ፣ ያለፈ ቀለብ እየተከማቸ አይቆይም። በደረሰ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በመርሕ ደረጃ ይቀራል፤ ለመኖር የግድ ያስፈልግ እንደነበር ማስረዳት ካልተቻለ በቀር። ስንቱ እህት አምስት ዓመት ብቻዋን ጦራ፣ ወላጇ ከሞተ በኋላ «ያወጣሁትን ይክፈሉኝ» ብላ ስትመጣ አይቻለሁ፣ አንጀቴን ትበላኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ተስማምተው አንዱ ቤት እንድትኖር፣ ሌሎቹ በገንዘብ እንዲያግዙ መወሰን ይችላሉ። የዕድር ጸሐፊው ያሉት በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ የምጨምረው፣ ክስ ከተከፈተም በኋላ ቢሆን የዕርቅ ስምምነት ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይመዘገባል፤ ያን ጊዜ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። አሁን ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አለ፣ በአዋጅ 1234/2013 የመጣ። ዳኛ ፊት ሳትቆሙ አስማሚ ፊት ትቀመጣላችሁ። ገንዘብ የለኝም የሚል በደሃ ደንብ ይከሳል፣ የዳኝነት አይከፍልም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች በነፃ ያማክራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ ያለውን ጽፈሻል፣ ሱቁ ያለውን ጽፈሻል። እናትሽ ምን እንዳሉ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። የቀለቡ ጠያቂ እሳቸው ናቸው፣ ያንቺ ስም መዝገቡ ላይ አይወጣም፤ ብትወጪም በእሳቸው ውክልና ነው። ቤቱን ይሸጥ ይላሉ? ኮንዶሚኒየም ይፈልጋሉ? ልጃቸውን መክሰስ ይፈልጋሉ? ጠይቀሻቸዋል?

ታላቋ ልጅ

አልጠየቅኳትም እማማ። አፍሬ ነው የምጽፈው። እንዳትጨነቅ ብዬ ደላላው የመጣውን እንኳ «የመብራት ኃይል ሰዎች ናቸው» ብያታለሁ።

ስደተኛዋ

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። እንደ አሜሪካዋ እህትሽ ሆኜ ልናገር። እኔም ለእናቴ በየወሩ እልክ ነበር፣ ለታላቅ ወንድሜ። አራት ዓመት። እናቴ ዘንድ የደረሰው ሲሶው እንደማይሞላ ያወቅኩት ለቀብር ስሄድ ነው። ስለዚህ እህትሽ «ልኬያለሁ» ካለችሽ ቶሎ አትቆጪ፣ መጀመሪያ ለማን እንደላከች ጠይቂያት። ምናልባት እሷም ለወንድማችሁ ነው የምትልከው። ሦስታችሁ በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሁኑ፣ በእናታችሁ ስም ሒሳብ ይከፈት፣ ገቢ ወጪው ለሁሉም ይታይ።

ለሕግ ጉዳይ ደግሞ መምጣት አያስፈልጋትም። እዚህ ኤምባሲያችን ውክልና ትሰጥሻለች፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ያያሉ። ለወራሽነት ጉዳይ ብቻ የሚል ጠባብ ውክልና ይሁን፤ የወንድምሽን ስህተት አትድገሙ።

የመርካቶ ነጋዴ

ፍራሹን እኔ ልመልስ፤ ከሻጭ ወገን ነኝና እውነቱን ልንገርሽ። ያ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀት ተበላሽቶ ለተገኘ ዕቃ አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ጉድለት ያገኘ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የማለት መብት ሰጥቶታል። ዋስትና ካለው ዋስትናው ተጨማሪ ነው። ወረቀቱ የሚሠራው «ቀለሙን ጠላሁት» ብሎ ለሚመጣ ሰው ነው።

ስድስተኛ ቀን ላይ ነበርሽ። አስራ አምስቱ ሳይሞላ በጽሑፍ ጠይቂው። ሁለት ቅጂ አድርጊና አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ እንዲፈርም አድርጊ፤ አልፈርምም ካለ ሁለት ሰው ይዘሽ ሄደሽ ስጪው። ደረሰኝ ሰጥቶሻል? ካልሰጠሽ የቴሌብር ወይም የባንክ ዝውውሩን አውጪ። ደረሰኝ አለመስጠቱ ለእሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ስለሚያውቀው ብዙ አይከራከርሽም። እምቢ ካለ የወረዳውና የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቺ። በፊት ለዚህ ብቻ የቆመ ባለሥልጣን ነበር፤ እሱ ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል።

ለወደፊቱ ደግሞ የሕክምና ዕቃ ስትገዢ እዚያው ሶኬት ላይ ሰክተው ግማሽ ሰዓት እንዲያሠሩት አድርጊ። አስመጪውም ማን እንደሆነ ከካርቶኑ ላይ ፎቶ አንሺ።

ምራት

በዚህ ክር ልግባና ይቅርታ፣ የኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ባለቤቴ ሞቷል። አማቴን የምጦራት እኔ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ልጆቿ በሕይወት አሉ፣ በየበዓሉ በግ ይዘው ይመጣሉ። ሕጉ እኔን ያስገድደኛል? የማደርገው ወድጄ ነው፣ ግን የራሴ ልጆች ትምህርት ቤት አሉ።

ጡረተኛዋ ሬጅስትራር

እግዜር ይባርክሽ ልጄ። በጋብቻ የሚመጣ ዝምድናም ቀጥታ መስመር ላይ ሲሆን የቀለብ ግዴታ አለበት፤ ጋብቻው በሞት ስለፈረሰ ግዴታው አልጠፋም። በፍቺ ቢሆን ኖሮ ይቀር ነበር። ቅደም ተከተል ግን አለ። የሥጋ ልጆቿ ካንቺ ይቀድማሉ። እነሱ አቅም እያላቸው ያንቺ ተራ አይደርስም። አማትሽ ሊጠይቁ የሚገባው እነሱን ነው፤ ይህን ለልጆቹ በሽማግሌ ፊት በእርጋታ ንገሪያቸው። የበዓል በግ ቀለብ አይሆንም።

የባሕር ዳሩ

ክልል ላለ አንባቢ አንድ ቃል። 213/1992 የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። እኛ አማራ ክልል የራሳችን የቤተሰብ ሕግ አለን፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፤ ብዙዎቹ ክልሎችም እንዲሁ። የቀለቡ መንፈስ ግን ተመሳሳይ ነው።

ገጠር ያለ ጣጣ ከዚህ ይብሳል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ልጅ የላቸውም፤ «የጦረኝ መሬቴን ይውሰድ» ብለው ለሦስት የተለያዩ ዘመዶች በቃል ተናግረዋል። ሦስቱም አንዳንድ ክረምት አርሰው፣ ሦስቱም ዛሬ ይካሰሳሉ። ሽማግሌው መሀል ላይ ብቻቸውን ቀሩ። የገጠር መሬት አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይከለክላል፤ የመጠቀም መብቱን ግን በስጦታም በኑዛዜም ማስተላለፍ ይቻላል። ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ካልተጻፈ ጠብ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ታላቋ ልጅ

ያ ስለ ኑዛዜ ያሉት እኔንም ይመለከተኛል። እማዬ ሌሊት ስቀሰቅሳት «ቤቱ ያንቺ ነው፣ ያየሽልኝ አንቺ ነሽ» ትለኛለች። ልታወርሰኝ ትችላለች? ብፈልገው ነውር ይሆናል?

የልደታው ጠበቃ

ነውር አይደለም፤ ሥራሽን ትተሽ ነው የጦርሻቸው። ሕጉ ግን ጠባብ መንገድ ነው።

እናትሽ መናዘዝ የሚችሉት የራሳቸውን ግማሽ ነው። ኑዛዜው በግልጽ የሚደረግ ከሆነ ተጽፎ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡ ራሱ በኑዛዜው ላይ ይጠቀሳል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ (ቁጥር 881)። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በገዛ እጃቸው ከጻፉት ምስክር አያስፈልግም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በእጃቸው፣ ኑዛዜ መሆኑ ተገልጾ፣ እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ይዞ መሆን አለበት፤ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ሳይቀመጥ 7 ዓመት ካለፈው ደግሞ ይወድቃል። ሌሊት የሚሉሽ የቃል ነገር ቤት አያወርስም። የቃል ኑዛዜ ሞት ለቀረበበት ሰው፣ በሁለት ምስክር፣ ለጥቂት ነገር ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከኖረ ቀሪ ይሆናል።

ሌሎቹን ልጆች ጨርሶ መንቀል ደግሞ ሌላ ነው። ልጅ በዝምታ አይነቀልም፤ ምክንያቱ በኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፣ ፍርድ ቤቱም ምክንያቱን ያያል። ብልጫ መስጠትና መንቀል አንድ አይደሉም። እናትሽ ላንቺ ብልጫ ለመስጠት ከፈለጉ ሌሎቹንም ያስታውሱ፣ ለምን ብልጫ እንደሰጡሽ ያስጽፉ። በአጻጻፉም በምስክርነቱም አንቺ አትግቢ። እንዲያውም ያን ቀን ከቤት ውጪ።

ውክልናውን መሻርና ኑዛዜውን በአንድ ቀን አታድርጉት። መሻሩ ለእናትሽ ጥበቃ ነው፤ ከኑዛዜው ጋር ሲሆን ግን ወንድምሽ «ለራሷ ስትል ነው» ቢል የሚያምነው ሰው ያገኛል።

የዕድር ጸሐፊ

ይህችን የመጨረሻዋን ምክር አጥብቀሽ ያዢያት።

ታላቋ ልጅ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት።

ፍራሹ ተለወጠ። ደብዳቤውን ይዤ ስገባ ሻጩ አንብቦ ሳይጨርስ ፓምፑን ከሌላ ካርቶን አወጣልኝ፤ ደረሰኝም ጻፈልኝ። የጀርባዋ መላጥ ቆሟል።

እማዬን ጠየቅኳት። እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይ ላይ አውጥቼ፣ ጸጉሯን እያበጠርኩ። ደላላው ማን እንደነበርም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እኮ አውቄያለሁ፣ መብራት ኃይል ግድግዳ አይለካም» አለችኝ። ቤቱ በሕይወቷ እንዲሸጥ አትፈልግም። ከዚህ ግቢ የምትወጣው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ውክልናው ይሻር አለች። መክሰስ ግን አልፈልግም አለች፤ «ልጄ ነው፣ ጠርታችሁ አምጡልኝ፣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።» ስለ ቤቱ ውርስ እኔም አላነሳሁም፣ እሷም አላነሳችም።

ሐኪሙ አይቷት ወረቀቱን ሰጥቶናል። አሜሪካዋ እህቴ እውነትም ለወንድማችን ስትልክ ኖራለች፤ ስንነጋገር ሁለታችንም አለቀስን። ከዚህ ወር ጀምሮ በእማዬ ሒሳብ ታስገባለች። የአዳማው ከደመወዙ የሚችለውን ጽፎ ልኮልኛል፤ ትንሽ ናት፣ እኔ ግን ኮራሁበት። ወንድሜ የአባባን የልብ ጓደኛ ሲያይ አንገቱን ደፋ አሉኝ፤ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ይመጣሉ፣ እሱም እመጣለሁ ብሏል። የወራሽነት ማመልከቻው ሰኞ ይገባል።

ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ ማመልከቻውን ሰጠሁ፤ ሐሙስ ቤት መጥተው ያስፈርሟታል። አሁን ቀኑ ሲቀርብ የታየኝ አንድ ነገር አለ። የእማዬ የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል። ያስፈርሟታል ወይ?

የልደታው ጠበቃ

ባለፈበት መታወቂያ ስትሄዱ ቀኑ ሊበላሽባችሁ ይችላል። ነገ ጠዋት ወረዳ ሂጂ፤ የሐኪሙን ወረቀትና አሮጌውን መታወቂያ ያዢ፣ መነሳት እንደማይችሉ ንገሪያቸው። እስከ ረቡዕ ካልታደሰ ሐሙስን ለሌላ ቀን አዛውሩት እንጂ በጥድፊያ አታስፈርሟቸው። የቅዳሜውን ሽምግልና ግን አታስተላልፉ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ይኑር፣ እናትሽም ጎናችሁ ይቀመጡ፣ መጀመሪያ የሚናገሩት እሳቸው ይሁኑ።

ጡረተኛዋ ሬጅስትራር

ስምምነቱን ስትጽፉ የእናትሽ ጡረታ የሚወጣበትን ሒሳብ ቁጥርና የየልጁን የመክፈያ ቀን አትርሱ። ከተፈረመ በኋላ እዚህ ለጥፊልኝ፣ ስም አጥፍተሽ፤ ቃላቱን አይቼ አርምልሻለሁ።